የድሮ ዘፈን የማን ሥራ ነው?



የዚህ መድረክ አዘጋጆች «ስለ ትናንት ዘፈኖቻችን ተናገርልን» ሲሉኝ ደስ ቢለኝም ትንሽ ሰጋሁ። ስለ ድሮ ዘፈን ወሬ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ አንዱ ሌላውን እያስታወሰ ሌሊቱ ይነጋል። ስለዚህ ነገሬን በአንድ ሐሳብ ላይ ሰብስቤዋለሁ። ዘፈን የብዙ ሰው እጅ ሥራ ነው፤ እኛ የምናስታውሰው ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ወደ ድሮ ዘፈኖቻችን የምንመለስ ከሆነ እነዚያን የተረሱ እጆች ፈልገን በስማቸው ለመጥራት ይሁን እላለሁ።

ይህን በአራት ነጥብ አስረዳለሁ። አንደኛ ስለ ሸክላው፣ ሁለተኛ ስለ ካሴቱ፣ ሦስተኛ ስለ ክሊፑ እናገራለሁ። በአራተኛው ምን ብናደርግ ይሻላል ወደሚለው እመጣለሁ።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ የተለመደ አባባል ጥቂት ልበል። «ዘፈንማ ድሮ ቀረ!» እንላለን። ሠርግ ቤት ዲጄው አዲስ ዘፈን ሲከፍት አባቶች ይሉታል፤ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው የጥላሁን ገሠሠን ሲያሰማ ሾፌሩ ይለዋል። ከዚህ አዳራሽ ውስጥም ብለን የማናውቅ ያለን አይመስለኝም። እኔ ግን አባባሉን እንዳለ አልቀበለውም። በዚያም ዘመን ግጥሙ የላላ፣ ዜማው ከሌላ የተወሰደ፣ በወጣ በወሩ የተረሳ ዘፈን ሞልቶ ነበር። ዛሬ የማናውቀው ስለተረሳ ነው። ጊዜ በሰፌዱ አንጓሎ ገለባውን ጥሎ ፍሬውን አስቀረልን። አንጓሎ ያስቀረልንን ፍሬ ይዘን ገና ካልተንጓለለው የዛሬ ምርት ጋር ብናወዳድር ፍርደ ገምድል እንሆናለን። የድሮው ዘፈን ክብር የሚገባው በደንብ ስለተሠራ ነው፤ ድሮ ስለሆነ አይደለም። በደንብ እንዲሠራ ያደረጉት እነማን ናቸው? ጥያቄያችን ይህ ይሁን።

አንደኛው ነጥቤ ሸክላው ነው።

የዘመናዊ ሙዚቃችን ጅምር ከሰልፍ ሜዳ ነው። ራስ ተፈሪ በፈረንጆቹ 1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። እነዚህ «አርባ ልጆች» የነሐስ መሣሪያ የሚነፉ ነበሩ፤ አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ስንቱን ሙዚቀኛ አሠለጠነ። በየጦር ክፍሉም ኦርኬስትራ ተቋቋመ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለ ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ የወጡ ናቸው። ትራምፔቱም ሳክስፎኑም የመንግሥት ንብረት ነበር፤ ሙዚቀኛውም ደመወዝተኛ ነበር። ያን ድምፅ የምንወደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በየቀኑ አብረው የሚለማመዱ፣ ኖታ የሚያነቡ፣ አለቃቸውን የሚፈሩ ነፊዎች ከድምፃዊው ጀርባ ተሰልፈው ነበርና።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሙዚቃ ወደ ሸክላ እንዴት ገባ? በፈረንጆቹ 1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን አጥር ዘልሎ የገባው አምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነው። በ1969፣ አሁንም በፈረንጆቹ ነው፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ የዓለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» እና «ያ ታራ» በሸክላ አወጣ። እዚህ አገር የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀዳው ክር መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላም ወደ ቤሩት እየተላከ ታትሞ ይመለስ ነበር። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 100 ያህል ነጠላ ሸክላዎችንና ጥቂት ረጃጅም ሸክላዎችን አወጣ። የኛ «ወርቃማ ዘመን» ብለን የምንጠራው ነገር እንግዲህ በአንድ ወጣት ድፍረት የተሠራ የስድስት ዓመት ሥራ ነው ማለት ይቻላል። አምሃን ስናነሳ ሌሎቹንም አንርሳ፤ ፊሊፕስም፣ በኋላም አሊ አብደላ ካይፋ ያሳተሙት ሸክላ ብዙ ነው።

አሁን ጠጋ ብለን እንየው። ያ ትንሹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከረው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ነው። ሁለት ገጽ፣ ሁለት ዘፈን። ስለዚህ አቀናባሪው የሚያባክነው ጊዜ አልነበረውም። ነፊዎቹ በጥቂት ሰከንድ መግቢያውን ያበስራሉ፤ ድምፃዊው ይገባል፤ አዝማቹ ይደገማል፤ መሐል ላይ ሳክስፎን ወይም ፒያኖ ትንሽ ይጫወታል፤ ዘፈኑ ያበቃል። ልቅምቅም ያለ ሥራ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከዚያ ዘመን የዓለማየሁን አንድ ዘፈን ክፈቱ። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሙት ግን የዓለማየሁን ድምፅ ለጊዜው ተዉትና ከኋላው ያለውን አዳምጡ። ብዙ ጊዜ የምትሰሙት የግርማ በየነን ቅንብር ይሆናል።

ግርማ በየነ ፒያኖ ይጫወታል፣ ያቀናብራል፣ ይዘፍናልም። ለራሱ ያስቀረጸው ዘፈን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ለሌሎች ያቀናበረው ግን ብዙ ነው። በ1981 በፈረንጆቹ ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለረጅም ዓመታትም ከሙዚቃ ራቀ። ዳግመኛ አልበም ያወጣው በ2017 በፈረንጆቹ አካሌ ውቤ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር ነው። ዘፈኖቹን በየሠርጉ ስንጨፍርባቸው ኖረናል፤ ያቀናባሪው ስም ግን ከብዙዎቻችን ጠፍቶ ነበር።

ሁለተኛው ነጥቤ ካሴቱ ነው።

አብዮቱ መጣ። አምሃ ከአገር ወጣ፤ ሸክላው ቀስ በቀስ ቀረ፤ ካሴት ነገሠ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስም ከተማው ማታ ማታ ተዘግቶ ኖረ። የሰዓት እላፊው ነገር ለሙዚቃው የሚገርም ውጤት ነበረው። ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት ነበር፤ ሰዓት እላፊ ከገባ በኋላ ወደ ቤት መሄድ ስለማይቻል እንግዳው እዚያው ያድራል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ባንድ በመሣሪያ ብቻ የሚዘልቅ ብዙ ሙዚቃ ያስፈልገዋል። ግጥም ደግሞ በሳንሱር ያልፋል፤ መሣሪያ ግን ቃል የለውም። ዋልያስ በ1977 በፈረንጆቹ ያወጣው «ቼ በለው» የዚያ ጊዜ ልጅ ነው።

ካሴቱ የዘፈኑንም መልክ ለወጠው። አንድ ካሴት የአንድ ሰዓት ያህል ሙዚቃ ይይዛል፤ ስለዚህ ድምፃዊው አሥር ያህል ዘፈን ማዘጋጀት ነበረበት። አሥር ግጥም፣ አሥር ዜማ፣ አሥር ቅንብር። ይህን ማን ይሠራዋል? ጥቂት ሰዎች ብዙውን ሠሩት። ሮሃ ባንድን አስቡ። ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ፈቃዱ አምደመስቀል በሳክስፎን፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድ። በዚያ ዘመን የወጡ ካሴቶች ድምፃዊያቸው የተለያየ ነው፤ ከኋላ ያለው እጅ ግን ደጋግሞ የእነዚሁ ሰዎች ነው። በግጥም ይልማ ገብረአብ፣ በዜማ አበበ መለሰ ለስንቱ እንደሠሩ ደግሞ ካሴት ቤት ይውሉ የነበሩ ሰዎች ጠይቁ። አበበ ኋላ ላይ ኑሮው እስራኤል አገር ሆነ፤ ዜማዎቹ ግን እዚህም እዚያም መዘፈናቸውን አላቆሙም።

ስማቸው ታዲያ ለምን ጠፋ? እኔ አንዱን ጥፋተኛ ማስቀዳት እለዋለሁ። ታስታውሳላችሁ፤ እንቁጣጣሽ ወይም ፋሲካ ሲደርስ አዲስ ካሴት ይወጣል፤ ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ድምፅ ማጉያ ተክሎ መንገዱን ያደነቁረዋል። ዋናው ካሴት ሽፋን አለው፤ በሽፋኑ ውስጥ በደቃቅ ፊደል የግጥሙ፣ የዜማው፣ የቅንብሩ ባለቤት ተጽፏል። ሁላችንም ግን ዋናውን አንገዛም። ባዶ ካሴት ይዘን ሄደን «ምርጥ ምርጡን ቅዳልኝ» እንላለን። ባዶ ካሴት ካጣን ደግሞ ቤት ያለውን አሮጌ ካሴት አናቱ ላይ የተሰበረውን ቀዳዳ በወረቀት ወይም በፕላስተር ደፍነን በላዩ ላይ እናስቀዳለን። ሽፋኑ ሙዚቃ ቤት ቀረ። እኛ በእስኪርቢቶ «የኤፍሬም»፣ «የአስቴር»፣ «የነዋይ» ብለን ጻፍንበት። በዚያች ቅጽበት አምስት ስድስት ስም ከዘፈኑ ተነቅሎ ወደቀ። ዘፈኑ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ዩቲዩብ ሲዛወር የወደቀውን ስም መልሶ ያነሳለት የለም።

ስም ሲተርፍ ምን እንደሚሆን ደግሞ ተመልከቱ። የዋልያሱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ከ1981ዱ ጉዞ በኋላ አሜሪካ ቀርቶ በዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኪቦርዱን በመኪናው የዕቃ መጫኛ ይዞ ይዞራል፤ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይጫወታል። ከዚያ አንድ አሜሪካዊ የካሴት አሳዳጅ በ1985 በፈረንጆቹ የወጣ አንድ የኃይሉን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘ። የሠሪውን ስም ስላወቀ ፈልጎ ደረሰበት፤ ካሴቱም በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። ያ ካሴት ስም አልባ ቅጂ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ያሳተማቸውም ሥራዎች እንዲሁ ናቸው። ከሲዲው ጋር መጽሔት አለ፤ መጽሔቱ ውስጥ የተጫዋቾቹ ስም አለ። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም የተሰማው፣ በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሌ ዘፈናቸውን በእሱ ሙዚቃ ላይ የሠሩት ዓለም ሙላቱን በስሙ ካወቀው በኋላ ነው። የውጭ ሰው መጥቶ አነሳልን ብለን ልንኮራም ልናኮርፍም እንችላለን። ከሁለቱም የሚሻለው ግን ሥራውን ራሳችን መሥራት ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ ክሊፑ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ በቀለም ማሰራጨት የጀመረው ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) በተመሠረተበት ሰሞን ነው። ለረጅም ዘመን ጣቢያው አንድ ብቻ ስለነበር አገሩ በሙሉ የሚያየው አንድ ዓይነት ክሊፕ ነው። የዛሬ ልጆች ያን ክሊፕ ሲያዩ ይስቃሉ። እውነትም ያስቃል! ድምፃዊው ሰፊ ኮሌታ ያለው ኮት ለብሶ ከሰው ሠራሽ አበባ አጠገብ ቆሟል፤ ከንፈሩ ከድምፁ ትንሽ ዘግይቷል፤ ከስቱዲዮ ወጣ ከተባለም የጊዮን ሆቴል አትክልት ቦታ፣ ሶደሬ ወይም ላንጋኖ ነው። ፍቅረኛ የሆነችው ልጅ ዛፍ ተደግፋ አንድ ቅጠል እየበጠሰች ታቀረቅራለች።

ሳቁ ግዴለም፤ ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን ክሊፑን እንደገና ክፈቱት። አሁን ከድምፃዊው ጀርባ ያለውን እዩ። የሕንፃውን ብዛት፣ የመኪናውን ዓይነት፣ የሚያልፈውን ሰው ጫማ፣ የሴቶቹን የፀጉር አሠራር፣ የሚጨፈረውን ጭፈራ ተመልከቱ። ማንም ታሪክ ልመዝግብ ብሎ አልቀረጸውም፤ ስለዚህም ነው የሚታመነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ስንት ሰፈር እንደፈረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ከእንግዲህ ያን ሰፈር ሲንቀሳቀስና ሰው ሲመላለስበት ማየት የፈለገ ሰው ሠላሳ ዓመት ያለፈው የዘፈን ክሊፕ ውስጥ ሊፈልገው ነው። ድምፃዊው ስለ ፍቅር ይዘፍናል፤ ካሜራው ግን ከተማችንን አስቀመጠልን።

ካሜራውን የያዘው ማን ነው? እዚህም ያው የተለመደው ጥያቄ ይመጣል። የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» አልበም በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ የመጠሪያ ዘፈኑ ክሊፕ የዓድዋን ጦርነት ሲያሳየን አገር ጉድ አለ። ፈረሱን ያመጣ፣ ጎፈሬውንና ጋሻውን ያዘጋጀ፣ ትዕይንቱን ያስተባበረ ሰው ግን ስሙ ሲነሳ አልሰማሁም። የድሮዎቹ የቴሌቪዥን ካሜራ ሠራተኞች ጉዳይማ የባሰ ነው። ደመወዛቸውን በልተው ጡረታ ወጡ፤ የዘመኑን መልክ ግን የሣሉት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ አራተኛውና ወደ መጨረሻው ነጥቤ ልግባ። ምን እናድርግ?

የሕጉን ነገር ባጭሩ ላንሳ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ይህ ማለት ብዙዎቹ የምንወዳቸው ግጥሞችና ዜማዎች ዛሬም ባለቤት አላቸው፤ ባለቤቱ ካረፈም ልጆቹ አሉ። ስሙ ያልታወቀ ሰው ግን መብቱን በምን ይጠይቃል? ስም መመዝገብ የምስጋና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ።

አንዱ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ሰዎች ነው። ዘፈን ስታሰሙ «በእገሌ ድምፅ» ብላችሁ አታቁሙ። ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳቀናበረው፣ የትኛው ባንድ እንደተጫወተው ንገሩን። ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም። አቀናባሪው ኤልያስ መልካ መስከረም 2012 ዓ.ም. ሲያርፍ ብዙ ሰው «ይህም የእሱ ነው? ያም የእሱ ነው?» እያለ ሲደነቅ ነበር። ሰው በሕይወት ሳለ መደነቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ለወጣት ሙዚቀኞች ነው። የድሮ ዘፈን አድሳችሁ መጫወታችሁ መልካም ነው፤ ዘፈኑ በዚህ ይኖራል። ግን ከማስቀረጻችሁ በፊት ባለቤቱን ፈልጉ፣ አስፈቅዱ፣ የሚገባውን ክፈሉ፣ ስሙን ጻፉ። «ባለቤቱ አይታወቅም» ከማለታችሁ በፊት የዘመኑን ሰዎች ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አሁንም በሕይወት አሉ፤ ስልክም ያነሳሉ።

ሦስተኛው ለሁላችንም ነው። ቤታችሁ በቁም ሣጥን አናት ላይ ወይም በአሮጌ ሻንጣ ውስጥ ያለውን ካሴት አትጣሉ። ሙቀትና እርጥበት ከሌለበት ስፍራ አኑሩት። ሻጋታ የያዘ ከሆነ በቴፕ ለማጫወት አትቸኩሉ፤ ክሩ ይበጠሳል፤ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ዋናው ሽፋን ካለ የውስጡን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ሸክላም ካለ መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንሱት። ቤተሰባችሁ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ጅዳ ካለ ደውላችሁ ጠይቁ፤ እዚህ የጠፋ ስንት ካሴት በስደተኛ ሻንጣ ተጭኖ ሄዶ እዚያ በክብር ተቀምጧል። የሰበሰባችሁትን ለቤተ መዛግብት ወይም ለሚመረምር ሰው ስጡ። አዛውንት ሙዚቀኛ ጎረቤት ካላችሁም ቡና አፍሉና ስልካችሁን ከፍታችሁ አስወሩት። ማን ምን እንደተጫወተ፣ የት እንደተቀረጸ፣ ስንት እንደተከፈለው ይናገር።

ክቡራትና ክቡራን፣

ማሕሙድ አሕመድ በ2017 ዓ.ም. በሚሌኒየም አዳራሽ መድረክን ሲሰናበት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ዘፈኖቹን ከእሱ ጋር ዘፍኗል። ያ ሁሉ ሕዝብ ግጥሙን በቃሉ ያውቃል። ግጥሙን የጻፈውን ግን ስንቱ ያውቃል? ማሕሙድ ክብሩ ይገባዋል፤ ሲያንሰው ነው። ለእሱ ያጨበጨብነው እጅ ግን ለገጣሚው፣ ለዜማ ደራሲው፣ ለአቀናባሪው፣ ለነፊውና ለካሜራ ሠራተኛውም ማጨብጨብ አለበት።

ዘፈን የብዙ ሰው እጅ ሥራ ነው ብዬ ጀመርኩ፤ ደግሜ እለዋለሁ። ከዚህ ስትወጡ እያንዳንዳችሁ ከምትወዱት አንድ የድሮ ዘፈን ጀርባ ያለውን አንድ ስም ፈልጉ፤ ካገኛችሁም ለሌላ ሰው ንገሩ። በሕይወት ካለ ደግሞ ደውላችሁ አመስግኑት፤ ነገ ዛሬ አትበሉ።